ጸለይንላትና ወደ ቤቷ ሸኘናት

ዛሬ የምንጽፈው ከወትሮው ለየት ይላል። ስለ አንድ ረቡዕ ምሽት፣ ስለ አንዲት እኅታችን፣ ደግሞም እኛ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ሆነን ስለ ሠራነው ስሕተት ነው። ታሪኩን እንድንጽፈው ራሷ ፈቅዳልናለች። "ስሜን ግን አትጻፉት፤ አገር ቤት ያለችው እናቴ ሰምታ ትደነግጣለች" ብላናለች። ስለዚህ እኅታችን እያልን እንቀጥላለን።

እኅታችን ዕድሜዋ ሃምሳን ዐለፍ ብሏል። ሜሪላንድ ከመጣች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሌሊት አንዲት አሮጊት ቤት ሆም ኬር ትሠራለች፤ ቀን ደግሞ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ናት። እሑድ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ጸሎት ቤት የምትደርሰውም እርሷ ናት። ከአምልኮ በኋላ የምንበላው ምሳና የምንጠጣው ቡና በእርሷና በመስተንግዶ ቡድኗ እጅ ያልፋል። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ስብከታችንን የማያስታውስ ሰው የእርሷን ሽሮ ያስታውሳል።

በሃያ አንድ ቀን ጾም ጸሎታችን ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ፣ ጸሎት ከሚፈልጉት ጋር ተሰልፋ ወደ ፊት መጣች። "ድካም ነው" አለች። "ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። እዚህ በሁለቱ ትከሻዬ መካከል ይጫነኛል፤ መንጋጋዬንም ይይዘኛል፤ ያቅለሸልሸኛል።" ከኋላዋ ወደ ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ የመዝሙር ቡድኑ በለሆሳስ ይዘምራል። እኛም ዘይት ቀባናት፣ የድካምን መንፈስ ገሠጽን፣ "ይህ ከአገልግሎትሽ ሊያስቀርሽ የመጣ የጠላት ውጊያ ነው፤ በርቺ" አልናት። አሜን ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ጸሎቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ አንድም ጥያቄ አልጠየቅናትም። መቼ ጀመረሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ብንላት ኖሮ፣ የደም ግፊት ክኒኗን ለጾሙ ብላ ካቆመች ዘጠኝ ቀን እንደሆናት ትነግረን ነበር። ይህን የሰማነው በኋላ ነው።

ዐርብ ጠዋት ሕመሙ ሲጠናባት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ኢመርጀንሲ ሄደች። ሆስፒታሉን በስም አንጠራውም። በመግቢያው ላይ ነርሷ ምን እንደሚያማት ስትጠይቃት፣ "ልቤን ያቃጥለኛል፤ ወደ ጀርባዬም ይወጋኛል" አለች። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው የቤት ውስጥ አማርኛ ነው። የሚያውቀውን ቃል ፈልጎ "ሃርትበርን" አለ። ቃሉ ሲፈታ የልብ ቃጠሎ ነው፤ ለአሜሪካ ሐኪም ግን ትርጉሙ ቃር ነው፣ የጨጓራ አሲድ። ልጁ አልዋሸም፤ እናቱ ያለችውን ቃል በቃል ተረጎመ። ደግሞም በአማርኛችን ልብና ጨጓራ ድንበራቸው የተቀላቀለ መሆኑን ማን ያጣዋል? ቃር የያዘውም ሰው ልቤን አቃጠለኝ ይላል። ብዙ ሰዓት ከጠበቁ በኋላ የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ስለ ጭንቀትና ስለ ዕረፍት ምክር ተሰጣት፤ ኢኬጂ ሳትነሣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አስተርጓሚ ይፈለግልሽ ያላት ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ሌሊት ጋደም ማለት አቃታት። ብርድ ብርድ እያላት ላብ አጠመቃት። ከመስተንግዶ ቡድኗ አንዷ፣ በሆስፒታል የልብ ክፍል ነርስ የሆነች ወጣት እኅት፣ ስለ እሑዱ ምሳ ልትጠይቃት ደወለች። ሁለት ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ስታለከልክ ስትሰማት ምሳውን ረሳችው። "እትዬ፣ አሁኑኑ ናይን ዋን ዋን ደውዪ። ካልደወልሽ እኔ እደውልልሻለሁ" አለቻት። አምቡላንሱ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዳት። ከልቧ የደም ሥሮች አንዱ ተዘግቶ ተገኘ። ስቴንት የሚባለውን ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገብተው ከፈቱት። ሕይወቷ ተረፈ፤ ጌታ ይባረክ። ነገር ግን ከልቧ ጡንቻ አንዱ ክፍል ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ የሞተው አይመለስም። ዛሬ የልብ ድካም ሕመምተኛ ናት። ትልቁን ድስት ማንሣት ቀርቶ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጸሎት ቤቱ በር ስትመጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ታርፋለች።

ከሁለት ወር በኋላ ልንጠይቃት ቤቷ ሄድን። በዚያ ሆስፒታል ላይ ብዙ ተናግረን ነበር፤ የአቤቱታ ደብዳቤም አርቅቀን በኪሳችን ይዘን ነበር። አንብበንላት ስንጨርስ ዝም አለች። ከዚያም "አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አትቀየሙኝ" አለች። "ያን ረቡዕ ለምን ሐኪም ጋ ሂጂ አላላችሁኝም? እናንተ ብትሉኝ እኮ እሄድ ነበር።"

መልስ አልነበረንም። ደብዳቤውን በኋላ ልከነዋል፤ መላክም ነበረበት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሆስፒታሉ በተናገርን ቁጥር ያ ጥያቄ ቀድሞ ይመጣብናል።

ሐኪሞች አይደለንም። ከዚህ በታች ያለውን የምንጽፈው ከነርሷ እኅታችን ጋር ቁጭ ብለን ካነበብነው ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የልብ በሽታ ነው፤ ከአምስት ሴቶች ሞት አንዱ በእርሱ ነው። ጡት ካንሰር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ለእኛም ይመስለን ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሴቶችን ሲጠይቅ ይህን የሚያውቁት በ2009 ከመቶ 65 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 44 ወረዱ። እውቀቱ ይበልጥ ከቀነሰባቸው መካከል ጥቁር ሴቶች ይገኛሉ። ማኅበሩ እንደሚለው በዚህ አገር ካሉት ጥቁር አዋቂ ሴቶች ከመቶ ወደ 60 የሚጠጉት አንድ ዓይነት የልብና የደም ሥር ሕመም አለባቸው፤ የደም ግፊትም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። እኛ ሐበሾች ጥቁር ሲባል ራሳችንን ለመቁጠር የምናመነታ ሰዎች ነን፤ በቡና ላይ ስንከራከርበት እንውላለን። ኢመርጀንሲው በር ላይ ግን ማንም አይከራከረንም።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አስፕሪን ድንገተኛ የልብ ሕመምን ያስቀር እንደሆነ ለማወቅ በ1980ዎቹ በተደረገው ታላቅ ጥናት 22,071 ሐኪሞች ተሳትፈዋል፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር በርናዲን ሂሊ፣ ሴት በልብ ሕክምና ትኩረት እንድታገኝ ሕመሟ የወንድ መምሰል አለበት ወይ ሲሉ ጻፉ። ነገሩንም የየንትል ሕመም አሉት። የንትል በታሪኩ ውስጥ የአይሁድን ቅዱሳት መጻሕፍት ለመማር ፈልጋ የወንድ ልብስ የለበሰች ልጅ ናት። ሴቶችና አናሳ ማኅበረሰቦች በመንግሥት ገንዘብ በሚደረጉ የሕክምና ጥናቶች እንዲካተቱ ሕግ የወጣው በ1993 ነው። ልብ በሉ፤ 1993 ብዙዎቻችን ወንጌል ስንሰብክ የነበረበት ዘመን ነው፤ የጥንት ታሪክ አይደለም።

በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ከአእምሯችን አልወጣም። 720 ሐኪሞች በቪዲዮ ሕመምተኞችን እንዲያዩ ተደረገ። ሕመምተኞቹ ተዋናዮች ናቸው፤ የለበሱት አንድ ዓይነት፣ የሚናገሩት አንድ ዓይነት። ልዩነታቸው ወንድ ወይም ሴት፣ ጥቁር ወይም ነጭ፣ በዕድሜ ትንሽ ወይም ትልቅ መሆናቸው ነው። ሐኪሞቹ ማንን ወደ ልብ የደም ሥር ምርመራ እንደሚልኩ ተጠየቁ። ነጮቹም ጥቁሮቹም ወንዶች፣ ነጮቹም ሴቶች ከመቶ 91 ያህል ይላኩ ተባለላቸው። ጥቁሮቹ ሴቶች ግን 79 ያህል። ቃሉ አንድ፣ ሕመሙ አንድ፤ የተለየው ሴትነቱና ጥቁርነቱ አንድ ላይ የተገናኙባት ሰው ብቻ ነበረች። እነዚያ ሐኪሞች ክፉ ሰዎች ነበሩ ብለን አናምንም። ብዙዎቹ ልዩነት አድርገሃል ቢባሉ ይደነግጡ ነበር። እኛም ያን ረቡዕ ልዩነት አድርጋችኋል ብንባል እንደነግጥ ነበር።

በዚያው ሳምንት እኮ አንድ ወንድማችን፣ የድርጅት ባለቤት ነው፣ በስብሰባ መካከል ደረቱን ይዞ ሲቀመጥ ያደረግነውን እናስታውሳለን። በመኪናችን አፈፍ አድርገን ኢመርጀንሲ ወሰድነው። ጡንቻ ነበር፤ ምንም አልነበረውም። ለእርሱ ስላደረግነው አንጸጸትም። ነገር ግን ወንድ ደረቱን ሲይዝ ልብ ነው ያልን ሰዎች፣ ሴት ደከመኝ ስትል ሥራ በዝቶባት ነው፣ ጭንቀት ነው፣ ውጊያ ነው አልን።

ሴቶችም ልባቸው ሲታመም ደረታቸውን ያማቸዋል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበዛው ምልክት እርሱ ነው። ነገር ግን ከወንዶች ይልቅ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ፣ የአንገትና የመንጋጋ ሕመም፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ከባድ ድካም አብሮ ይመጣባቸዋል፤ አንዳንዴም የደረቱ ሕመም ቀርቶ እነዚህ ብቻ ይመጣሉ። እኅታችን በአንድ ትንፋሽ ከነገረችን ውስጥ አራቱ በዚህ ዝርዝር ላይ አሉ። ሌላም አለ፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ደም ግፊቷ አደገኛ ሆኖ የነበረ፣ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት የደረሰባት ሴት፣ በኋላ ዘመኗ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሏ እጥፍ ያህል ነው። እኅታችን ይህንን ልጅ ስትወልድ ደርሶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር የጠየቃት ሰው የለም፤ እርሷም ከልጁ ጋር የተወለደ፣ ከልጁም ጋር ያለፈ ነገር ይመስላት ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ በተማርንበት ዘመን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን የምናጠናው የዲያቆናት ሹመት መነሻ አድርገን ነበር። ፈተና ላይ የሚመጣውም እርሱ ነው። ከእኅታችን ቤት ስንመለስ ግን ያንኑ ምዕራፍ ስናነብ ዓይናችን ሌላ ቦታ ላይ ቆመ። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የዕለቱ ምግብ ሲታደል የተዘነጉት እነማን ነበሩ? ሴቶች ናቸው፤ ከሴቶችም መበለቶች፤ ከመበለቶችም ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ፣ ማለትም ከውጭ አገር መጥተው በከተማይቱ የሚኖሩት። ሉቃስ አዳዮቹ ክፉዎች ነበሩ አይልም። "እነዚህን እናስርባቸው" ብሎ የተነሣ ሰው የነበረ አይመስለንም። አዳዮቹ የሚያውቁትን ፊት አዩ፣ የሚገባቸውን ቋንቋ ሰሙ፤ ሌሎቹ ሳይታዩ ቀሩ። ይህም የሆነው በጴንጤቆስጤ በተሞላች፣ ተአምራት በየቀኑ በሚደረግባት፣ ሐዋርያቱ ራሳቸው በሚመሯት ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሐዋርያቱ ምን አደረጉ? ስላጉረመረማችሁ ንስሐ ግቡ አላሏቸውም። ጸልየንላችኋል፣ በሰላም ሂዱ አላሏቸውም። ጉባኤውን ጠሩ፤ ለዚሁ ሥራ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ተመልከቱ፤ ከእስጢፋኖስ ጀምሮ እስከ አንጾኪያው ኒቆላዎስ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። የተዘነጉትን ሴቶች ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች በማእዱ ላይ ተሾሙ። ጸሎትን አላቃለሉም፤ እነርሱ ለጸሎትና ለቃሉ ይተጋሉ። ሉቃስ ግን ለምግቡ እደላም ለቃሉም የሚጠቀመው አንዱን የግሪክ ቃል፣ ዲያኮኒያን ነው። ሁለቱም አገልግሎት ነው፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። ያን ረቡዕ እኛ አንዱን በሌላው ተካን።

የከበደንም ይህ ነው። በዚህ አገር ስንኖር ራሳችንን የምናየው በግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገን አድርገን ነው፤ ቋንቋችን የማይሰማ፣ በየቢሮው የምንዘነጋ። እውነት ነው። በጸሎት ቤታችን ውስጥ ግን ማእዱን የያዝነው እኛ ነን። መድረኩ፣ ማይኩ፣ ዘይቱ በእኛ እጅ ነው። የተዘነጋችው ደግሞ ለሁላችን ምሳ የምታቀርበው ሴት ነበረች።

ስላደረግነው ጥቂት እንናገር፤ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ የጸሎት አገልጋዮቻችንን ሰብስበን፣ ሕመም ብሎ የሚመጣ ሰው ላይ እጅ ከመጫን በፊት እንዲጠይቁ ተስማማን፤ መቼ ጀመረህ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ፣ ትንፋሽ ያጥርሻል ወይ። መልሱ የሚያስፈራ ከሆነ ከነርሶቻችን አንዷን እንጠራለን፤ ጸሎቱ አምቡላንስ እየተጠበቀ ሊደረግ ይችላል። በጾም አዋጅ ላይ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርን፤ ማንም ሐኪሙን ሳይጠይቅ መድኃኒቱን ለጾም ብሎ እንዳያቋርጥ። ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም የሰጠውን ምክር የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም። አንድ ሽማግሌ ግን ተገረሙ፤ "ጸሎት ቤቱን ክሊኒክ ልታደርጉት ነው" አሉን። ስጋታቸውን አናጣጥለውም። በፈውስ የሚያምን ሕዝብ ነን፤ እናምናለንም። እኛ የጠየቅናቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሳቸው በአምናው ክረምት የልብ ምርመራ ሲያደርጉ ማን አስቆማቸው? ስቀው ዝም አሉ።

ከዚያም ካርድ አሳተምን። በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል "አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ ሕመሜ ከልቤ ሊሆን ይችላል፤ እባካችሁ ኢኬጂ አንሡኝ" ይላል። በጀርባው የመድኃኒት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋ ለማይችል ሕመምተኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። በአካል ባይገኝ በስልክ ይገኛል። በ1986 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ኢንሹራንስ የለህም፣ ገንዘብ የለህም ብሎ ኢመርጀንሲ ሕመምተኛን ሳይመረምር እንዳይመልስ ይከለክላል። እኅቶቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። የእኅታችን ልጅ እስከ ዛሬ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ አብረነው ተቀምጠን፣ ያ ሸክም የእርሱ እንዳልሆነ፣ የእኛና የትልልቅ ሰዎች እንደሆነ ነገርነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማን። አመነን ብለን ግን አንጽፍም።

የልብ ማሳጅም ተምረናል፤ ሲፒአር የሚሉትን። አሠልጣኟ የነገረችን ነገር ወንዶቹን ዝም አሰኛቸው። ልባቸው ቆሞ የወደቁ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲታዩ፣ በአደባባይ ከወደቁት ወንዶች ከመቶ 45 መንገደኛ ደረታቸውን ተጭኖ ረድቷቸዋል፤ ከሴቶቹ 39 ብቻ። ሰው የሴት ደረት መንካት ይፈራል። በእኛ ባህል ደግሞ እንዴት እንደሚፈራ አታስረዱን። ከመካከላችን አንዱ፣ የትዳር ሴሚናር የሚመራ ወንድም፣ አሻንጉሊቷ ላይ እጁን ለመጫን ሦስት ጊዜ ሸሚዙን አስተካከለ። አራተኛው ላይ ተጫነ።

የደም ግፊት መለኪያውን ሐሳብ ያገኘነው ከሌሎች ነው። በሎስ አንጀለስ በ52 የጥቁሮች ፀጉር ቤቶች የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ፋርማሲስቶች እዚያው ፀጉር ቤቱ እየመጡ የደም ግፊት መድኃኒት ሲያዙና ሲከታተሉ፣ የደንበኞቹ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በአማካይ በ27 ወረደ፤ ምክር ብቻ በተሰጠባቸው ፀጉር ቤቶች ግን በ9 ያህል ነው የወረደው። ሰው የሚያምነው ቦታ ሲሄዱለት ይሰማል ማለት ነው። ያ ጥናት የወንዶች ነበር። በሚኒሶታ ደግሞ የማዮ ክሊኒክ የልብ ሐኪም ዶክተር ላፕሪንሰስ ብሩወር ከጥቁር አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆነው ፌይዝ የተባለ ፕሮግራም አዘጋጁ። ከ16 አብያተ ክርስቲያናት የተውጣጡ 85 ምእመናን የተካፈሉበት ሙከራ ተደረገ፤ ትምህርቱን ያገኙት ሰዎች የልብ ጤና መለኪያቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ትምህርቱን ሲያዘጋጁ ምእመናኑ ራሳቸው አብረው አዘጋጅተውታል። የሐዋርያት ሥራ 6ን አስታወሰን።

እኛም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ሁለት ነርሶች አስቀምጠን ጀመርን። ሰልፉ ረጅም ነበር። ጌታን አመሰገንን፤ ፎቶም አነሣን። ማታ ነርሷ እኅታችን የስም ዝርዝሩን ይዛ መጣች። "ቁጠሩት" አለችን። ቆጠርነው። ከሰላሳ ስምንቱ ሰው ሰላሳ አንዱ ወንድ ነበር። "ሴቶቹ የት ሄዱ?" አልን። አየችንና፣ "ወጥ ቤት ነበሩ። ለተሰለፉት ምሳ ያቀርቡ ነበር" አለች።

በሚቀጥለው ወር ወንዶቹ ወጥ ቤት ገቡ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሽንኩርት ላጡ፤ ክሊኒክ ልታደርጉት ነው ያሉን አባት ሰሐን አጠቡ፤ እኛ ቡናውን አፈላን። ሴቶቹ በአዳራሹ ጥግ ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ዓይናቸው ወጥ ቤቱን ይመለከት ነበር፤ አንዷ ሁለት ጊዜ ተነሥታ እሳቱን ልትቀንስ መጣች፤ መለስናት። በዚያ ቀን ከተለኩት እኅቶች መካከል ሦስቱ የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ደም ግፊት እንዳለባቸው ሰምተው አያውቁም ነበር። አንዷን ነርሷ በዚያው ሰዓት በመኪናዋ ወደ ሐኪም ይዛት ሄደች።

እኅታችን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ክንዷን ዘርግታ ነበር። ሲኒውን ይዘን ሄድንላት። ቁጥሯ ደህና ነው፤ ክኒኗን እየወሰደች ነው። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ቀጥኗል" አለችን።